የአኳሪየም ውሃ ፓምፕ የሞተር መቆጣጠሪያ፦ ብልሽቱን እንዴት እንፈልግ? እንዴትስ እንሥራው?

መግቢያ

በትምህርት ክፍላችን ስለ ሞተር መቆጣጠሪያ ስንማር አብዛኛውን ጊዜ ምሳሌ ሆነው የሚቀርቡልን የፋብሪካ ትላልቅ ሞተሮች ናቸው። እኔ በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ግን ከጭብጥ የማትበልጥ ሞተር ነው፤ በአኳሪየም ውስጥ ውሃ የምታዞረውን ፓምፕ ማለቴ ነው። «ይቺ ደግሞ ምን ትምህርት ይወጣታል?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን በክፍል የተማርነው ፓወር ኤሌክትሮኒክስ፣ የማሽን ትምህርትና የፈሳሽ ሕግ ሦስቱም አንድ ላይ የሚገናኙት እዚህች ትንሽ ዕቃ ውስጥ ነው። ከዚህም ሌላ ፓምፑ ሲቆም የሚጠፋው መብራት ወይም ሙዚቃ አይደለም፤ ሕይወት ነው።

ጽሑፉ የተነሣው አዳማ (ናዝሬት) ከሚገኝ አንድ ካፌ ነው። እኔና ሁለት የክፍል ጓደኞቼ የካፌውን አኳሪየም እንድናይ ተጠይቀን ሄድን። ገንዳው 300 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል፤ ውስጡ በጠቅላላው 2 ኪሎ ግራም የሚሆኑ ወርቃማ ዓሦች ነበሩ። ባለቤቱ ከዚያ በፊት በአንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ግማሽ ያህሉን ዓሣ አጥተዋል። የቀሩት ካለቁ ገንዳውን አፍርሰው ወንበር እንደሚያስቀምጡበት ነገሩን። ሁለት ፓምፕ ነበራቸው፦ አንዱ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው፣ ሌላው ባለ 24 ቮልት ዘመናዊ ፓምፕ ከነመቆጣጠሪያው። ሁለቱም አይሠሩም ነበር።

ዓሦቹ ስንት ሰዓት ይቆያሉ?

ወደ ሽቦው ከመግባታችን በፊት ይህን ማስላት ግድ ይላል፤ ምክንያቱም የምንሠራው መቆጣጠሪያ ምን ያህል ሰዓት መቆየት እንዳለበት የሚነግረን ይኸው ስሌት ነው።

በባሕር ጠለል ላይ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውሃ በሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ማሟሟት ይችላል። አዳማ ግን ከ1600 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፤ የዝዋይ ሐይቅም ቢሆን 1636 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 82 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ወደ 6.8 ሚሊ ግራም ይወርዳል ማለት ነው። ሙቀቱ ሲጨምር ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ስለዚህ የእኛ ስምጥ ሸለቆ ዓሣ አርቢ ከባሕር ዳር ነዋሪው ያነሰ መጠባበቂያ ይዞ ነው የሚጀምረው።

300 ሊትር በ6.8 ስናባዛ 2040 ሚሊ ግራም ኦክስጅን እናገኛለን። አንድ ኪሎ ዓሣ በሰዓት 200 ሚሊ ግራም ይጠቀማል ብለን ብንወስድ 2 ኪሎው 400 ይጠቀማል። ኦክስጅኑ በሊትር ከ2 ሚሊ ግራም በታች እንዳይወርድ ከፈለግን የምንጠቀምበት 1440 ብቻ ነው። 1440 ለ400 ሲካፈል 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። ከውሃው ገጽ በራሱ የሚገባው ኦክስጅን ጊዜውን ትንሽ ያረዝመዋል፤ በማጣሪያው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ እነሱም ስለሚተነፍሱ ያሳጥሩታል። ለማንኛውም መብራት ከምሽቱ 4 ሰዓት ጠፍቶ ሌሊት 10 ሰዓት ቢመጣ ውጤቱ ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም።

ይህ የካፌ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በባቱ (ዝዋይ)፣ በመቂም ሆነ በሌላ ከተማ የቆሮሶ ጫጩት በገንዳ ላሳድግ የሚል ወጣት የሚገጥመው ስሌት ይኸው ነው፤ የሚለወጠው ቁጥሩ ብቻ ነው።

ሁለቱ የፓምፕ ዓይነቶች

ሀ/ በቀጥታ ሶኬት ላይ የሚሰካው። ይህ ውስጡ አንድ የሽቦ ጥምጥምና አንድ ቋሚ ማግኔት ያለው ሮተር ብቻ ነው። ጥምጥሙ በፕላስቲክ ሙጫ ተደፍኖ ከውሃ ተለይቷል፤ ሮተሩ ግን ውሃው ውስጥ ነው የሚዞረው። ባለ ሁለት ፖል ስለሆነ በ50 ሄርዝ በደቂቃ 3000 ዙር ይዞራል፤ ከዚያ አይበልጥም፣ አያንስም። ሲነሣ በየትኛውም አቅጣጫ ሊዞር ይችላል፤ ክንፎቹ ቀጥ ያሉ የሆኑትም ለዚህ ነው። ክንፉ ከማግኔቱ ጋር ሙሉ ለሙሉ አልተጣበቀም፤ ማግኔቱ መጀመሪያ ትንሽ በነጻ እንዲዞርና ጉልበት እንዲያገኝ ክፍተት ተትቶለታል። አንዳንድ ሰው ይህን መንቀጫቀጭ ብልሽት መስሎት ሮተሩን በሙጫ ያጣብቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ፓምፑ አይነሣም።

ለ/ ባለ 12 ወይም 24 ቮልት ዲሲ ፓምፕ። ይህ ብሩሽ የሌለው ሞተር ነው። ሦስት ጥምጥም አለው፤ ከእሱ ወደ መቆጣጠሪያው ሦስት ሽቦ ይመጣል። ብሩሽ የሚሠራውን ሥራ ትራንዚስተሮች ይሠሩታል። በ1962 እ.ኤ.አ. ዊልሰንና ትሪኪ የተባሉ መሐንዲሶች ያቀረቡት አሠራር ነው፤ ዛሬ ከኮምፒውተር ማራገቢያ ጀምሮ ብዙ ቦታ ገብቷል። ፍጥነቱ ይቀነሳል፣ ይጨመራል። መቆጣጠሪያው ከሞተ ግን ሞተሩ ደህና ሆኖም አይዞርም።

የማራገቢያ ዲመር ለምን አይሠራም?

ባለቤቱ ከአሜሪካ የመጣውን ፓምፕ ፍጥነት ለመቀነስ የጣሪያ ማራገቢያ ዲመር አስገጥመውለት ነበር። ይህ በከተማችን የተለመደ ነገር ስለሆነ ላብራራው።

የጣሪያ ማራገቢያ ኢንዳክሽን ሞተር ነው፤ ቮልቴጁ ሲቀንስ ሸርተት እያለ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የአኳሪየሙ ፓምፕ ግን ሲንክሮነስ ነው፤ ፍጥነቱ የታሰረው ከፍሪኩዌንሲ ጋር እንጂ ከቮልቴጅ ጋር አይደለም። ቮልቴጁን ብንቀንስበት ጉልበቱ እየደከመ፣ እየደከመ ይሄድና በአንድ ነጥብ ላይ ጭራሽ ይቆማል። ቆሞም ዝም አይልም፤ «ዝዝዝ» እያለ ይሞቃል። «ጋሼ፣ ይሄ ዲመር ለዚህ ፓምፕ አይሆንም፤ ፍጥነቱን ሳይሆን ጉልበቱን ነው የሚወስድበት» ብንላቸው «ታዲያ ማራገቢያው ላይ እንዴት ሠራ?» አሉን። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ መልሱም ከላይ ያልኩት ነው።

ሁለተኛው ችግር ፓምፑ የ110 ቮልትና የ60 ሄርዝ መሆኑ ነው። በቀጥታ 220 ላይ የተሰካ ቢሆን ኖሮ ወዲያው ይቃጠል ነበር፤ ደግነቱ በትራንስፎርመር ነበር የተሰካው። ይሁን እንጂ ትራንስፎርመር ቮልቴጅ እንጂ ፍሪኩዌንሲ አይለውጥም። በ60 ሄርዝ 3600 ዙር የሚዞረው ሮተር እኛ አገር 3000 ይዞራል። የሚገፋው ውሃ ወደ 83 በመቶ፣ የሚያነሣው ከፍታ ደግሞ ወደ 69 በመቶ ይወርዳል። በዚያ ላይ ፍሪኩዌንሲው ሲቀንስ በብረቱ ውስጥ ያለው ማግኔታዊ ፍሰት በ20 በመቶ ስለሚጨምር ጥምጥሙ ይግላል። መፍትሔው የቮልቴጅና የፍሪኩዌንሲን ጥምርታ እኩል መጠበቅ ነው፤ 110 በ50 ተባዝቶ ለ60 ሲካፈል 92 ቮልት ገደማ ይሆናል። ዘመዶቻቸው ከውጭ ዕቃ የሚልኩላቸው ሁሉ የዕቃውን ጀርባ ሲያነቡ ቮልቱን ብቻ ሳይሆን ሄርዙንም ቢያዩ መልካም ነው።

የብልሽት ፍለጋ ቅደም ተከተል

ብልሽት ሲፈለግ ከቀላሉ ወደ ከባዱ መሄድ ያስፈልጋል። እኛ ባለ 24 ቮልቱን ፓምፕ የመረመርነው በሚከተለው ቅደም ተከተል ነው።

1ኛ. ሶኬቱን መንቀል። ይህ ለይስሙላ የተጻፈ አይደለም። ገንዳው ውስጥ ሌላ ማሞቂያ ወይም መብራት ካለ እሱም ይነቀል። እጅ ውሃ ውስጥ የሚገባው ሁሉም ከተነቀለ በኋላ ብቻ ነው።

2ኛ. ሮተሩን ማየት። ፓምፑን ከፍቶ ሮተሩን ማውጣት። የአዳማ የቧንቧ ውሃ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ ነው። በሞቃት አየር ከገንዳው ውሃው ሲተን ማዕድኑ ይቀራል፤ በየሳምንቱ ስንጨምርበት ማዕድኑ ይጠራቀምና ሮተሩ ላይ እንደ ኖራ ይጋገራል። ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ ውስጥ ለአንድ ሰዓት መዘፍዘፍና በጥርስ ብሩሽ ማሸት ይበቃል። በቢላዋ መፋቅ ግን ማግኔቱን የሸፈነውን ፕላስቲክ ይሰነጥቃል። ዘንጉ ሴራሚክ ስለሆነ ስንጥቅ እንዳለው በጥንቃቄ ይታይ።

3ኛ. አዳፕተሩን በጭነት መለካት። ባዶውን ሲለካ 24 ቮልት ያሳያል፤ ይህ አያታልላችሁ። ካፓሲተሩ የደከመ አዳፕተር ጭነት ሲያገኝ ይወድቃል። እንደ ጭነት የተጠቀምነው የአይሱዙ ባለ 24 ቮልት 21 ዋት አምፖል ነው። የእኛው አዳፕተር አምፖሉን እያበራ 23.8 ስላሳየ ደህና ነው አልን።

4ኛ. ጥምጥሞቹን መለካት። ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለት ሁለቱን እየያዝን ሬዚስታንስ ስንለካ 1.9፣ 1.9 እና 1.8 ኦም አገኘን። ተቀራራቢ ስለሆኑ ሞተሩ ጤነኛ ነው። አንዱ ጥንድ ከሌሎቹ በጣም ከተለየ ጥምጥሙ ተቆርጧል ወይም ተገናኝቷል።

5ኛ. ሰሌዳውን በዓይንና በአፍንጫ መመርመር። መቆጣጠሪያው የተሰቀለው ከገንዳው በላይ፣ ክዳኑ ሥር ነበር። ስንከፍተው የጌት ድራይቨሩ እግሮች ላይ ነጭና አረንጓዴ ዝገት አገኘን። እርጥበት ገብቶበታል ማለት ነው።

6ኛ. ትራንዚስተሮቹን በዳዮድ መለኪያ መፈተሽ። ደህና ሞስፌት በአንድ በኩል ከ0.4 እስከ 0.6 ቮልት ያሳያል፤ ገልብጠን ስንይዘው ምንም አያሳይም። ከስድስቱ ሁለቱ በሁለቱም በኩል ዜሮ አሳዩ፤ ሁለቱም የአንድ መስመር የላይና የታች ጥንድ ናቸው። ይህ አጋጣሚ አይደለም። በእርጥበቱ ምክንያት ድራይቨሩ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ከፍቷቸው 24 ቮልቱ በቀጥታ ወደ መሬት አለፈ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላሳስብ። ብዙ ጊዜ ጠጋኝ የተቃጠለውን ሞስፌት ቀይሮ ይመልሳል፤ በሳምንቱ ያው ዕቃ ተመልሶ ይመጣል። የተቃጠለው ዕቃ ውጤቱ ነው እንጂ ምክንያቱ አይደለም። ምክንያቱ እርጥበት ከሆነ ድራይቨሩም መቀየር፣ ሰሌዳውም ታጥቦና ደርቆ መቀባት፣ ሳጥኑም ከገንዳው በላይ ሳይሆን በጎን ራቅ ብሎ መሰቀል አለበት። የእኛው ድራይቨር ቺፕ ጽሑፉ የተፋቀ ስለነበር ምን እንደሆነ ማወቅ አልተቻለም። ስለዚህ መቆጣጠሪያውን ራሳችን ለመሥራት ወሰንን።

መቆጣጠሪያውን መሥራት

አሠራሩ ስድስት እርምጃ አለው። ሦስቱን ሽቦዎች ሀ፣ ለ፣ ሐ ብንላቸው ከረንቱ በየተራ እንዲህ ይሄዳል፦ ከሀ ወደ ለ፣ ከሀ ወደ ሐ፣ ከለ ወደ ሐ፣ ከለ ወደ ሀ፣ ከሐ ወደ ሀ፣ ከሐ ወደ ለ። በየእርምጃው ሁለት ሽቦ ይሠራል፣ አንዱ ያርፋል። ያረፈው ሽቦ ግን ሥራ ፈት አይደለም፤ የሚዞረው ማግኔት በእሱ ላይ ቮልቴጅ ያመነጫል። ያ ቮልቴጅ መሐከለኛውን ነጥብ ሲያቋርጥ ሮተሩ የት እንደደረሰ ይነግረናል። ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. ያገኘው ሕግ እዚህ ያለ ሌላ መሣሪያ አቅጣጫ ይጠቁመናል ማለት ነው።

የእኛው ሮተር ባለ አራት ፖል ነው። በደቂቃ 3000 ዙር ማለት በሰከንድ 50 ዙር፣ በኤሌክትሪክ ደግሞ 100 ሄርዝ ነው። ስለዚህ በሰከንድ 600 እርምጃ፣ አንዱ እርምጃ 1.67 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ማቋረጫውን ካየን በኋላ የእርምጃውን ግማሽ፣ ማለትም 0.83 ሚሊ ሰከንድ ጠብቀን ወደሚቀጥለው እንሸጋገራለን። ለአርዱኢኖ ይህ ሰፊ ጊዜ ነው።

የተጠቀምንባቸው ዕቃዎች አንድ አርዱኢኖ፣ ሦስት ጌት ድራይቨርና 55 ቮልት የሚችሉ ስድስት ሞስፌቶች ናቸው። ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ነጥቦች፦

• የላይኛው ሞስፌት ሲዘጋና የታችኛው ሲከፈት መካከል 1 ወይም 2 ማይክሮ ሰከንድ ባዶ ጊዜ ይተው። የቀድሞውን ሰሌዳ የገደለው ባንድ ጊዜ መከፈት እንደሆነ አይረሳ።
• በእያንዳንዱ ጌትና ሶርስ መካከል 10 ኪሎ ኦም ይግባ፤ አርዱኢኖው ገና ሳይነቃ ጌቱ ተንሳፎ እንዳይከፈት።
• ፒደብሊውኤሙ ወደ 20 ኪሎ ሄርዝ ይሁን፤ ከዚያ በታች ከሆነ የካፌ ደንበኛ የሚሰማው ፉጨት ያወጣል።
• ሞተሩ ቆሞ እያለ ቮልቴጅ ስለማያመነጭ ሲነሣ በጭፍን ነው የሚነሣው። እርምጃዎቹን ቀስ ብሎ ጀምሮ እየፈጠኑ መሄድ፣ ቮልቴጁ በደንብ ሲታይ ወደ መደበኛው መዞር።
• ሮተሩ ከተያዘ አጥፍቶ ከ5 ሰከንድ በኋላ እንደገና ይሞክር፤ ሦስት ጊዜ ካቃተው ቆሞ በጩኸት ይጥራ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስናበራው ያችን የአይሱዙ አምፖል ከ24 ቮልቱ ጋር በተከታታይ አስገባናት። ሰሌዳው ላይ ሾርት ቢኖር አምፖሉ ይበራል እንጂ ሞስፌቱ አይቃጠልም። ርካሽ ነገር ናት፤ ግን ብዙ ዕቃ ታድናለች።

መብራት ሲጠፋስ?

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ፓምፑ በሙሉ ፍጥነት 40 ዋት ይወስዳል። ሁለት ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት የዩፒኤስ ባትሪ በተከታታይ ሲያያዙ 168 ዋት ሰዓት ይይዛሉ። ባትሪው ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 84 ዋት ሰዓት አለን። በሙሉ ፍጥነት ቢሠራ 2 ሰዓት ብቻ ነው የሚያቆየን፤ ዓሦቹ ብቻቸውን ከሚችሉት ጋር ተደምሮም አንድ ሙሉ ሌሊት አይሞላም።

የፓምፕ ሕግ ግን ትልቅ ስጦታ ይሰጠናል። የሚገፋው ውሃ ከፍጥነቱ ጋር፣ የሚያነሣው ከፍታ ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር፣ የሚወስደው ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ኪዩብ ጋር አብሮ ይወርዳል። ፍጥነቱን ወደ 60 በመቶ ብናወርደው ውሃው 60 በመቶ ሆኖ ይቀራል፤ ኃይሉ ግን ወደ 22 በመቶ ይወርዳል። 40 ዋቱ ወደ 9 ይጠጋል፤ ከመቆጣጠሪያው ብክነት ጋር 12 እንበለው። 84 ለ12 ሲካፈል 7 ሰዓት ነው።

«ታዲያ ወደ 40 በመቶ ብናወርደው ሌሊቱን ሙሉ አይሄድም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። እዚህ ላይ ከፍታው ይገድበናል። ፓምፑ በሙሉ ፍጥነት ቢበዛ 3 ሜትር ያነሣል፤ ውሃው ከታችኛው ማጣሪያ ወደ ገንዳው 70 ሴንቲ ሜትር መውጣት አለበት። በ60 በመቶ 1.08 ሜትር ያነሣል፤ ይበቃል። በ45 በመቶ ግን 61 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሞተሩ ይዞራል፣ ድምፁም ይሰማል፣ ባትሪውም ያልቃል፤ ወደ ገንዳው ግን አንድ ጠብታ አይደርስም። ስለዚህ ፍጥነት የሚመረጠው የመውጫውን ከፍታ ለክቶ ነው።

ከባትሪ ወደ አዳፕተር መቀያየሪያውን በሪሌ አደረግን። በሁለት ዳዮድ ማያያዝ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የሞላ ባትሪ ከ25 ቮልት በላይ ስለሆነ መብራት እያለም ከባትሪው ይወስዳል። ሪሌው የሚነሣው በአዳፕተሩ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ራሱ ወደ ባትሪው ይወድቃል። በሚቀያየርበት 10 ሚሊ ሰከንድ ያህል 4700 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ይሸፍነዋል። የባትሪው መሙያ ቮልቴጅ እስከ 27.6 ስለሚደርስ ካፓሲተሩ ባለ 25 ቮልት ሳይሆን ባለ 50 ይሁን። አርዱኢኖው የአዳፕተሩን ቮልቴጅ በ47 እና በ10 ኪሎ ኦም አካፍሎ ያያል፤ ሲጠፋበት ፍጥነቱን ወደ 60 በመቶ ያወርዳል። ባትሪው ወደ 22 ቮልት ሲወርድ ያቆማል።

ባለቤቱ ባሉበት አዳፕተሩን ነቅለን ሞከርነው። ከ6 ሰዓት በኋላ ፓምፑ እየሠራ ባትሪው 24.2 ቮልት ላይ ነበር። ባለቤቱም «ልጆቼ፣ እንግዲያው ወንበሩ ይቅር» አሉ።

ጥንቃቄ

220 ቮልት የሚጠቀም ማንኛውም የገንዳ ዕቃ 30 ሚሊ አምፒር ሲያመልጥ የሚቆርጥ ብሬከር (አርሲዲ) ሊኖረው ይገባል። ተራው ብሬከር ሽቦውን ነው የሚጠብቀው እንጂ ሰውን አይደለም። ሁለተኛ፣ ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ታጥፎ ይውጣ፤ በገመዱ ላይ የሚንሸራተት ውሃ ሶኬቱ ጋ ሳይደርስ እንዲንጠባጠብ። ሦስተኛ፣ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ፊውዝ ይግባ።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሥራ የተረዳሁት ትልቁና ትንሹ ማሽን አንድ ሕግ እንደሚገዛቸው ነው። ከከተማችን አጠገብ ያለው አዳማ አንድ የነፋስ ኃይል ማመንጫ በ2012 እ.ኤ.አ. ሲመረቅ 34 ተርባይኖቹ በድምሩ 51 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ነበሩ። በውስጣቸው ያለው ቋሚ ማግኔት ነው፤ ነፋሱ እንደመጣለት ይዞራል፣ የሚወጣውንም ኤሌክትሪክ ትራንዚስተሮች ወደ 50 ሄርዝ ያስተካክሉታል። የእኛዋ ፓምፕ የዚያ ተቃራኒ ናት፦ እሷ ከኤሌክትሪክ ወደ መዞር፣ እሱ ከመዞር ወደ ኤሌክትሪክ። ልዩነቱ አቅጣጫውና መጠኑ ነው።

በመጨረሻም ለታናናሾቻችን የምለው ይህን ነው፦ የሚቀጥለው ሥራ የኦክስጅን መለኪያ ጨምሮ ፍጥነቱን በሰዓት ሳይሆን በውሃው ፍላጎት መወሰን ነው። ካፌ ውስጥ 300 ሊትር ላይ የሠራው በባቱ 3000 ሊትር የጫጩት ገንዳ ላይም ሊሠራ ይችላል፤ ቁጥሮቹን እንደገና ማስላት ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። ሞክሩት።